የዓርብ ጥራጊ

ወንፊት ይሉታል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት እንኳ ወንፊት ነው የሚሉት። ሥራው የድሮ ሸክላ ድምፅ ማጽዳት ነው። ሃምሳ ዓመት የተጫወተ፣ የተቧጨረ፣ ሻይ የፈሰሰበት፣ ሕፃን የተቀመጠበት ሸክላ ይመጣለታል፤ እሱ ያጥበዋል፣ ያደርቀዋል፣ አጫውቶ ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባዋል። ከዚያ ድምፁን በሥዕል መልክ ማያው ላይ ይዘረጋና ጠቅታውን፣ ኩሽኩሽታውን፣ ሽውታውን አንድ በአንድ እየለቀመ ያወጣል። በዚህ ሙያ ሃያ ስድስት ዓመት ቆይቷል። የወጣለት ባለሙያ ነው ይሉታል፤ የሙያው ሰዎች ተሰብስበው አንድ ሊፍት ስለማይሞሉ ግን ውዳሴው ያን ያህል አያኮራም።

ጽዳት ሲያልቅ ሁለት ፋይል ይቀራል። አንዱ ንጹሑ ነው። ሌላው ከንጹሑ ላይ የወጣው ጉድፍ ሁሉ የተጠራቀመበት ነው፤ እሱን ጥራጊ ይለዋል። ሁለቱ ተደምረው መጀመሪያ የገባውን ድምፅ ስለሚሰጡ ወንፊት ሌላ ቅጂ አያስቀምጥም። ጥራጊውን ወድዶት አይደለም የሚያቆየው፤ የሥራው ወግ ሆኖበት ነው። ሥራው ሲጠናቀቅ ጥራጊው ለብቻው ይደመጣል። ጠቅታና ኩሽኩሽታ ብቻ ከሆነ ጽዳቱ ጥሩ ነው። ዜማ ከተሰማበት ግን የአጽጂው እጅ ከብዶ ሥጋ ቆርጧል ማለት ነውና ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ይህ ሁሉ ካለፈ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ የሳምንቱ ጥራጊ በሙሉ ይደመሰሳል። ወንፊት ይህን ሳያደርግ ያለፈ ዓርብ አያስታውስም።

ሚስቱ ከሞተች ስምንት ወር ሆኗታል። አላለቀሰም። በሳምንቱ ልብሷን አጣጥፎ ሰጠ፣ ጫማዋን ሰጠ፣ መድኃኒቷን ጣለ፣ ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ወለወለ። ታላቅ እህቱ መጥታ ባዶውን ቁም ሣጥን ስታይ በሩን ይዛ ቀረች።

«አንተ ሰው፣ ምን ሆነሃል?» አለችው።

«ምንም አልሆንኩም፣ እታለም።»

አልዋሸም፤ ምንም አልሆነም ነበር። ይበላል፣ ጣዕሙን አያውቀውም። ይተኛል፣ ይነሣል፣ ፊቱን ይላጫል። ሰው «አይዞህ» ሲለው «እሺ» ይላል፣ ልክ የአውቶቡስ ቲኬት እንደሚቀበል። እህቱ መጀመሪያ ተቆጣችው፣ ቀጥላ ፈራችለት፣ አሁን እሁድ እሁድ እየደወለች በልቶ እንደሆነ ብቻ ትጠይቀዋለች።

ከሚስቱ ያስቀረው አንድ ነገር ነው። ባልና ሚስት ሆነው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ጮክ ብላ ታነብለት ነበር፤ ታማ ከአልጋ መውረድ ባቃታት ሰሞን አንድ ቀን ማይክሮፎን አስቀምጦ ቀዳት። ከዚያ ያው ሥራው ነውና አጸዳው። ሳሏን፣ የትንፋሿን ሲርሲርታ፣ የወረቀቱን ኩሽኩሽታ አወጣ። ዓርብ ሲደርስ ጥራጊውን ደመሰሰ። ቀረጻውን ከቀብሯ ወዲህ አልከፈተውም።

ታዲያ በዚህ መሃል አሳታሚው መጣ። አሳታሚው ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው፤ የተረሱ የድሮ ሸክላዎችን እየፈለገ እንደገና ያሳትማል። ያመጣውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ሲያኖረውም ትንፋሹን ይዞ ነው።

«ጋሼ፣ ሦስት ዓመት ፈልጌዋለሁ» አለ። «መቶ ብቻ ነው የታተመው። ከመቶው ወሬ ነጋሪ አልተረፈም ብዬ ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ የሳክስፎን ተጫዋቹን ባለቤት አገኘኋቸው። በሕይወት አሉ። ቁም ሣጥን ላይ ነበር ያስቀመጡት።»

ሽፋኑ በእጅ የታተመ ነው። መሃሉ ላይ ፀሐይ ልትሆን ታስባ የተጠበሰ እንቁላል ሆና የቀረች ቢጫ ክብ አለች።

«ምን ዓይነት ነው?» አለ ወንፊት፣ ለጨዋነት ያህል።

«መንፈሳዊ ጃዝ፤ እንደ ጸሎት የሚጫወቱት። የሰባዎቹ።»

ልጁ ከተጠየቀ መቼም አያቆምም። እንዲህ ያሉ ሸክላዎች በዚያ ዘመን በየአገሩ ተሠርተው ነበር አለ። የሚጫወቱት ቀን ቀን ሌላ እንጀራ ያላቸው ሰዎች ናቸው። እዚህኛው ላይ ሳክስፎን የሚነፋው የጂኦግራፊ መምህር፣ ቤዙ የልብስ ሰፊ፣ ከበሮው የፖስተኛ ነው። አዳራሽ ለምነው፣ መቅጃ ተውሰው፣ አንድ እሁድ ተቀድተው፣ ለጎረቤትና ለዘመድ አደሉት። ራዲዮ አላጫወተው፣ ጋዜጣ አልጻፈለት፣ ሱቅ አላስገባው።

«ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም» አለ አሳታሚው። «ጣፋጭነቱ እኮ ከዚያ ነው የመጣው፣ ጋሼ። የሚያያቸው ቢኖር ኖሮ አሳጥሩት፣ የሚጨፈርበት አድርጉት ይባሉ ነበር። እነሱ ግን አንዷን ነገር ይዘው አሥራ ሰባት ደቂቃ ሙሉ ይዞራሉ። ቤዙ ያችኑ አራት ኖታ ነው የሚለው። አይቸኩልም። እኔ ሥራ ያበሳጨኝ ቀን እሱን ነው የምሰማው… ማለቴ፣ የሱን ዓይነት። በተለይ የዚህን ሁለተኛ ገጽ ለመስማት ነው ይህን ሁሉ የደከምኩት። መሃል ላይ ሁሉም ዝም ይልና ሳክስፎኑ ሁለት ኖታ ብቻ ይጠራል ይባላል። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ የሰማው ሁሉ ግን ያችን ነው የሚያወራው።»

ወንፊት ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥቶ ወደ መብራቱ አዘነበለው። ሙዚቃ መስማት ካቆመ ቆይቷል፤ ጆሮውም ዓይኑም ጉድፍ ነው የሚፈልጉት። ከጠርዙ ተነሥቶ ወደ መሃል የገባ ቀጭን ስንጥቅ አገኘ።

«ይሄ አንድ ጊዜ መጫወት ብቻ ነው የሚችለው» አለ። «ከዚያ በኋላ ለሁለት ይከፈላል።»

አሳታሚው ቀለሙ ተለወጠ። ወዲያው ስልክ አውጥቶ ለሴትዮዋ ደወለ፤ ነገሩን በዝግታ አስረዳቸው። የአሮጊቷ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ተሰማ።

«በትክክል ይቀዳል? ሁሉም ነገር ይያዛል?»

«ሁሉም ይያዛል» አለ ወንፊት፣ ስልኩ ሲቀርብለት።

«እንግዲያው አንዴ ይበቃዋል።»

አንዴ ተጫወተ። አንደኛው ገጽ አልፎ ሁለተኛው እንዳለቀ ወንፊት ሸክላውን ሲያነሣው ቀጭ አለና ሁለት ሆነ። ሁለቱን ግማሽ ሽፋናቸው ውስጥ መለሳቸው። ድሮ ቢሆን ኖሮ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ጥቂት ያዝን ነበር። አሁን እጁን ታጥቦ ሥራ ጀመረ።

ስንጥቁ ሸክላው በዞረ ቁጥር ጠቅ ስለሚል በሁለተኛው ገጽ ብቻ ከአምስት መቶ ስልሳ በላይ ጠቅታ ነበር። ሁሉንም በእጁ ለቀመ። በአራተኛው ቀን አሥራ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ላይ ደረሰ። እዚያ ሳክስፎኑም ከበሮውም ዝም ብለው ቤዙና የቃጭል ድምፅ ብቻ ይቀራሉ። በመካከላቸው ሁለት አጫጭር ሲጥታዎች ነበሩ። የበር ማጠፊያ ነው አለ ወንፊት በልቡ፤ ዘይት ያጣ የአዳራሽ በር። ሁለቱንም አወጣና ክፍተቱን ከጎኑ በተወሰደ የቤዝ ድምፅ ሸፈነው። ስፌቱ አይታወቅም ነበር። ጥራጊውን ለብቻው አደመጠው፤ ሲጥታው በጠቅታዎቹ መሃል አለፈ፣ ዜማ ግን አልነበረበትም። ረቡዕ ንጹሑን ላከ።

ሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ደጃፉ ላይ አንዲት አጭር አሮጊት፣ የእጅ ቦርሳቸውን ሆዳቸው ላይ ደግፈው፣ ግድግዳውን ይዘው ያለከልካሉ።

«ወንፊት የሚሉህ አንተ ነህ?»

«ነኝ፣ እማማ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«የሳክስፎኑ ሰው ሚስት ነኝ። ቆይ፣ ልተንፍስ። ምነው ሰው እዚህ ላይ ወጥቶ ይሠራል?»

ወንበር ሰጣቸው። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ክፍሉን ቃኙ፤ ማጫወቻውን፣ የሸክላ ማድረቂያውን መደርደሪያ፣ ሁለቱን ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች። ከዚያ ከቦርሳቸው አንድ ሲዲ አወጡ። አሳታሚው ጨዋ ልጅ ስለሆነ ከማሳተሙ በፊት ይስሙት ብሎ ልኮላቸው ነበር።

«መጀመሪያ ላመስግንህ» አሉ። «እንዲህ ጠርቶ ሰምቼው አላውቅም። ባሌ አጠገቤ የቆመ ነው የመሰለኝ። ግን አንድ ነገር አጣሁበት። ጆሮዬም ሊሆን ይችላል፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለ ጆሮ ነው። አሥራ አንደኛው ደቂቃ ጋ ክፈትልኝማ።»

ከፈተላቸው። ሳክስፎኑ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ፣ ከበሮው ቆመ። ቤዙ በአራት ኖታው መዞሩን ቀጠለ፣ ቃጭሉ ከላዩ ተንሿሿ።

«ቃጭሉ እኔ ነኝ» አሉ አሮጊቷ። ጣታቸውን አነሡ። «አሁን።»

ምንም አልተሰማም። ቤዙ ዞረ። ከዚያ ሳክስፎኑ ሁለት ኖታ ጠራ፤ አንዷ ከፍ ያለች፣ ሁለተኛዋ ዝቅ ያለች። አሮጊቷ ጣታቸውን እንዳነሡት ወደ እሱ ዞሩ።

«ሰማህ? መለሰ። ለማን ነው የመለሰው?»

«አልገባኝም፣ እማማ።»

«ልጄ ነበረች እኮ። አሥር ወሯ ነበር። እሷን በግራ፣ ቃጭሉን በቀኝ ይዤ ነው የተቀዳሁት፤ ማን ይያዝልኝ? ጸጥ ሲል ጊዜ ጮኸች። ሁለት ጊዜ። አባቷ ሳክስፎኑን አነሣና ልክ እሷ እንዳለችው አድርጎ መለሰላት። ልብስ ሰፊው ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል ቤዙን ሊስተው ምንም አልቀረው። ሲያልቅ ፖስተኛው ‘ተበላሽቷል፣ ይደገም’ አለ። ባሌ እንቢ አለ። ‘እንዲህ ያለውን ደግሜ ከየት አመጣዋለሁ?’ አለ።»

ወንፊት ሙዚቃውን አቆመው።

«ሸክላው ከፋብሪካ ሳይመለስ ሞተች» አሉ። «ትኩሳት ነው፤ በሁለት ቀን። ፎቶ እንኳ የላትም፤ ዓመት ሲሞላት እናነሣታለን እያልን። ድምጿ ግን ነበረች። ባሌ በሕይወት እያለ በዓመት አንድ ቀን እሱን ቦታ ብቻ እንሰማ ነበር። እሱ ሲሞት ሸክላው እንዳይሰበርብኝ ፈርቼ አልነካሁትም። ለዚህ ነው ሁሉም ይያዛል ወይ ብዬ የጠየቅኩህ።»

«የበር ማጠፊያ መስሎኝ ነው» አለ ወንፊት።

«ምን?»

«ድምጿ። ዘይት ያጣ በር መስሎኝ አወጣሁት።»

አሮጊቷ ጣታቸውን አወረዱ።

«ልክ ነህ» አሉ። «እንደዚያ ነበር የምትጮኸው።» ፈገግ ሊሉ ቃጣቸውና ተዉት። «እና አሁን የት ናት?»

«ካወጣሁት ቆሻሻ ጋር ነበረች። ቆሻሻውን ዓርብ ዓርብ እደመስሰዋለሁ።»

«ያለፈው ዓርብስ?»

አዎ ሊል አፉን ከፈተ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አዎ ነበር መልሱ። ቃሉ ግን አልወጣም፤ ያለፈውን ዓርብ ፈልጎ አጣው። ሐሙስ ነበረ፤ ቅዳሜ ነበረች፤ በመካከላቸው ምን ሠራ? ቀስ እያለ መጣለት። ጠዋት ገብቶ ኮቱን ሳያወልቅ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። አልታመመም፣ አላዘነም፣ ምንም አላሰበም። እጁን ከጭኑ ላይ የሚያነሣለት ነገር ጠፍቶ ነበር የዋለው። ሲመሽ ተነሥቶ በሩን ዘግቶ ሄደ።

«ይቆዩኝ» አለ።

ፋይሉ በቦታው ነበር። አሮጊቷ ማያውን ሳይሆን ፊቱን ነበር የሚያዩት። አሥራ አንድ ደቂቃ ከሠላሳ ላይ አስቀምጦ አስጀመረው።

መጀመሪያ ሽውታ። በሽውታው ላይ የስንጥቁ ጠቅታ፣ ሳይፈጥን ሳይዘገይ። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ። ሳክስፎን የለም፣ ቤዝ የለም፣ ቃጭል የለም። ከዚያ ልጅቷ ጮኸች። አንዴ፣ ከዚያ ደግማ። አንድ ነገር አይታ ለሰው የምታሳይ ዓይነት ነበር ጩኸቷ። ቀጥሎ ሽውታው፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

አሮጊቷ አልተነቃነቁም። ቀኝ እጃቸው ብቻ ከቦርሳው ላይ ትንሽ ከፍ ብሎ በባዶው ሁለት ሦስት ጊዜ ተወዛወዘ።

«ብቻዋን ሰምቻት አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «ሁልጊዜ እኛ አብረናት ነበርን።»

«አሁን እመልሳታለሁ» አለ ወንፊት።

ሩብ ሰዓት ፈጀበት። ጠቅታዎቹን እዚያው ትቶ እሷን ብቻ ከጥራጊው ለይቶ ወደ ቦታዋ መለሳት። አጫወተው። ቤዙ ዞረ፣ ቃጭሉ ተንሿሿ፣ ልጅቷ ሁለቴ ጮኸች፣ አባቷ ሁለቴ መለሰላት። ሴትዮዋ በረጅሙ ተነፈሱና ራሳቸውን ነቀነቁ። እሱም ስልኩን አንሥቶ አሳታሚውን አገኘው።

«የላክሁልህን እንዳታሳትም። ስህተት ሠርቻለሁ፤ አዲስ እልክልሃለሁ።»

«ምን ስህተት፣ ጋሼ?»

«ስትሰማው ይገባሃል። ሁለቱ ኖታ ጋ ነው።»

አሮጊቷ ተነሥተው ሲዲያቸውን ከቦርሳቸው ከተቱ። የተሰበረውን ሸክላ ከነሽፋኑ ሰጣቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙና ዘወር አሉ፤ አንድ ነገር እንደታያቸው ያስታውቅ ነበር።

«አንተስ፣ ልጄ? ያስቀመጥከው ድምፅ አለህ?»

«የሚስቴን ቀድቻለሁ።»

«ጎሽ» አሉ። «ጥሩ አደረግህ።»

እንዴት አድርጎ እንዳስቀመጣት አልነገራቸውም። ግድግዳውን ይዘው ቀስ እያሉ ሲወርዱ የእግራቸውን ድምፅ እስከ ታች ሰማው። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ። የሚስቱን ቀረጻ ከፈተ።

ድምጿ ክፍሉን ሞላው። ጥርት ያለ ነበር። ስለ አየሩ ጠባይ አነበበች። ስለ አንድ ሌባ አነበበች፤ ሌባው የሰረቀው ብስክሌት ጎማ እንደሌለው በኋላ ነው ያወቀው። አልሳቀችም፣ ወይም ሳቋ ሳል ቀላቅሎ ስለነበር አብሮ ወጥቷል። መስመር እየጨረሰች አዲስ መስመር ትጀምራለች፣ በመሃል አየር አትስብም። ትንፋሽ የማያስፈልጋት ሴት ነበረች። ሦስተኛው ዜና ስለሚጠገን ድልድይ ነው። እሱ ላይ ቆም አለች። ዝምታ ሆነ፤ ያለ አንዳች እንከን የተሰፋ ዝምታ፣ የገዛ እጁ ሥራ።

ከዝምታው ውስጥ አንድ ሰውዬ ተናገረ።

«ውኃ ላምጣልሽ?»

ወንፊት ዘወር ብሎ አየ፤ ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም። የራሱ ድምፅ ነው። ንጹሕ ስለነበረ አላወጣውም።

«ተወው፤ ይሻለኛል» አለች፣ ድልድዩንም ቀጠለች።

ወደ ኋላ መልሶ ሰማው። ማንም አልሳለም። አንድ ሰውዬ ከመሬት ተነሥቶ ውኃ ላምጣልሽ ይላል። ደግሞ ሰማው። ሳሉ ረጅም ነበር፤ መሃረቧን አፏ ላይ ይዛ፣ ጋዜጣው ከጉልበቷ ተንሸራቶ ነበር፤ ይህን ያውቃል፣ ድምፁ ግን አይመጣለትም። በአንድ ዓርብ፣ በአንድ ጣት ነው የደመሰሰው። ያን ጊዜ ከፋው። ትንሽ ቃል ናት፣ ስምንት ወር ሙሉ ግን አላገኛትም ነበር።

ተነሥቶ ኮሪደሩ ላይ ካለው ቧንቧ በብርጭቆ ውኃ ቀዳ። ሞልቶ ስለነበር ሲመለስ እጁ ላይ ፈሰሰ። ድምፅ ማጉያው አጠገብ አስቀመጠው፣ ቁጭ አለ፣ ሦስተኛውን ዜና እንደገና አስጀመረው።

«ውኃ ላምጣልሽ?» አለ ሰውዬው።

«ተወው፤ ይሻለኛል» አለች።

ውኃው ግን መጥቶ ነበር።